የዋንዛ ወደብ መዝጊያ

ይህን ታሪክ ለመጻፍ በመድፈሬ አስቀድሜ እጅ ነስቼ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የሹም ቤት ነገር በሹም ቤት፣ የውሃም ነገር በውሃ ቢቀር እንደሚሻል አጥቼው አይደለም። ነገር ግን በዋንዛ ወደብ የሚያልፍ እንግዳ ሁሉ ያየውን አይቶ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ የተጠየቀውም ሰው ይስቃል፤ መንግሥት ባለበት ስፍራ ደግሞ ምክንያቱ ያልታወቀ ሳቅ ደግ አይደለም። ስለዚህ ሳቁን ለማስቀረት ስል ብቻ፣ ሽማግሎች የነገሩኝን ምንም ሳልጨምር እጽፈዋለሁ። ከጨመርኩም ለጌጥ ያህል ነው።

እንግዳው የሚያየው ይህንን ነው። ከሐይቁ ዳር፣ ከትልቁ ዋንዛ ሥር፣ ሰው በማዕበል ሲያዝ የሚወጣ የእንጨት ጀልባ አለ። ቀዛፊዎቹ ደመወዝ የሚባል ነገር የማያውቁ፣ ጩኸት ሲሰሙ የያዙትን ጉርሻ ጥለው የሚሮጡ የከተማው ሰዎች ናቸው። የጀልባው ስም «መዝጊያው» ነው። «መዝጊያው ወጣ!» ሲባል ሴቶቹ መቀነታቸውን አጥብቀው ወደ ዳር ይወርዳሉ። ከዋንዛው በላይ፣ ጉብታው ላይ የቆመው የወደቡ ጽሕፈት ቤት ደግሞ ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ሆኖ ሳለ መግቢያው ላይ መዝጊያ የለውም። ያለው መጋረጃ ነው። ነፋስ በተነሳ ቁጥር መጋረጃው የኃላፊውን ፊት ይጠርገዋል።

እንደሚነገረው ነገሩ የተጀመረው በግራዝማች አንዳርጌ ዘመን ነው። ግራዝማች ከደጋ ወርደው በወደቡ የተሾሙ፣ ከብርሌ ያለፈ ውሃ ማየት የማይወዱ ጨዋ ሰው ነበሩ ይባላል። በተሾሙ በዓመቱ አንድ ነጋዴ ሰጥሞ፣ ከበላይ «ሰው እንዴት ይሞትብሃል?» የሚል ቁጣ ወረደባቸው። እሳቸውም ብዙ አስበው፣ ሰው የሚሰጥመው ታንኳ ስላለ መሆኑን ደረሱበት። ወዲያው አዋጅ ተነገረ፤ በአገሩ ያለ ከደንገል ሣር የታሰረ ታንኳ ሁሉ ዛሬ ጽሕፈት ቤቱ ካለበት ከግቢያቸው ይግባ፣ በሩም ያለ ፈቃዳቸው አይከፈት፣ ፈቃድ የሚፈልግ ጠዋት ይምጣ ተባለ። በሩ ላይ ከአንድ ወጥ ዋንዛ የተጠረበ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ወፍራም መዝጊያ ተተከለ፤ ቸኮል የሚባል አጋፋሪም «ከዚህ መዝጊያ ብትለይ አንገትህ ከትከሻህ ይለያል» ተብሎ ተሾመበት። እውነት ለመናገር ከዚያ በኋላ የሰጠመ ሰው ቁጥር ቀነሰ። ዓሣ የበላ ሰው ቁጥርም ቀነሰ፤ ግን እሱን የጠየቀ የለም።

አንድ ቀን በፈቃድ ወጥቶ የነበረ ታንኳ ከደሴቱ ጌሾ ጭኖ ሲመለስ የከሰዓቱ ነፋስ ቀደመው። ሰው ሁሉ ከዳር ሆኖ እያየ ታንኳው ተገለበጠ። ከጌሾው እስር ላይ ተንጠልጥለው የቀሩት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ቀዛፊው አሳዬ፣ ሌላው የጠላ ጠማቂዋ የአንጓች ባል ይትባረክ። አንጓች ድፍድፍ የነካ እጇን እንኳ ሳትታጠብ ወደ ግራዝማች ደጅ ሮጠች፤ አገሩም ተከተላት።

«አያ ቸኮል፣ ክፈት! ሰው እያለቀ ነው!»

«ጌታ ተኝተዋል» አለ ቸኮል።

«ቀስቅሳቸዋ!»

«በየትኛው አንገቴ? ሲነሱ ይነገራቸዋል።»

«ውሃውስ እሳቸው እስኪነሱ ይጠብቃል?»

«ውሃውን እኔ አላዘዝኩት፣ እቴ። ደግሞ ፈቃድ ጠዋት ነው።»

«ባሌ ጠዋት መስጠም ነበረበት በለኛ!»

ቸኮል ክፉ ሰው አልነበረም ይላሉ። ላቡ እየወረደ አንዴ ሐይቁን፣ አንዴ እልፍኙን ያይ ነበር። አንጓች ግን ላቡን አልጠበቀችም። የዚያ ዘመን መዝጊያ እግሩ በድንጋይ ጉድጓድ ላይ ቆሞ የሚዞር ስለነበረ፣ ከሥሩ ትከሻ ከሰጡት ወደ ላይ ይነቀላል፤ ይህንንም በር ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። «አዋጁ አትክፈቱ ነው የሚለው፤ አንከፍትም፣ እናነሳዋለን!» ብላ ትከሻዋን ከሥሩ አስገባች፤ ሕዝቡም ገባላት፤ መዝጊያው ከነመወርወሪያው ተነቀለ።

ግቢው ውስጥ ግን ሌላ ጉድ ጠበቃቸው። የታንኳ ክምር የነበረበት ቦታ ላይ የግራዝማች በቅሎዎች ጠግበው ቆመዋል። ደንገሉን እስከ መጨረሻው እስር ቅርጥፍ አድርገው በልተውት ነበር።

«አለቀልን» አለ አንዱ።

«በቅሎ ዋንዛ አይበላም» አለች አንጓች። «መዝጊያውን ተሸከሙት!»

ወደ ውሃው ሲወርዱ ቸኮል የመዝጊያውን ቀለበት ሙጭጭ አድርጎ ይዞ ይጎተት ነበር። «ከመዝጊያው አትለይ ተብያለሁ!» እያለ ይጮሃል። «እንግዲያው ተቀመጥበት!» አለችውና ገፍታ አስቀመጠችው። እሷ፣ ቸኮልና ሁለት ጎልማሶች ተንበርክከው፣ ከግራዝማች አጥር በነቀሉት ሸንበቆ እየቀዘፉ ወደ ማዕበሉ ገቡ። ቸኮል ዋና አይችልም ነበር። በፍርሃት ብዛት የሚያውቀው ሥራ ብቻ ትዝ አለውና ከፊት ሆኖ በትሩን አንስቶ፣ ጌሾው ላይ ወደተንጠለጠለው ሰው እንዲህ ሲል ተጣራ ይባላል፦

«ማን ነህ? ጉዳይህ ምንድን ነው?»

«መስጠም ነው፣ አያ ቸኮል!» አለ ይትባረክ።

ቸኮልም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጌታውን ሳይጠይቅ «ግባ!» አለ።

ጎትተው አወጡት። ከጌሾው ላይ ግን ሌላ ሰው አልነበረም።

«አሳዬስ?» አለች አንጓች።

«አሁን ነበር» አለ ይትባረክ፤ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። «አሁን እኮ እዚህ ነበር።»

ግራዝማች የነቁት ነፋስ እልፍኛቸው ድረስ ዘልቆ ሲገባባቸው ነው። ጥላ አስይዘው ወደ ዳር ቢወርዱ፣ መዝጊያቸው ውሃ እያንጠባጠበ ከዋንዛው ሥር ተጋድሞ አገኙት።

«መዝጊያዬን ማነው የነቀለው?»

«እኔ ነኝ» አለች አንጓች።

«አሁኑኑ ይመለስ!»

«ጌታዬ፣ ደጅዎ ላይ ቆመን የተከራከርንባት ጊዜ የአሳዬ ነበረች። አሳዬን ያምጡልንና መዝጊያዎን ይውሰዱ።»

«አስርሻለሁ፣ አንቺ ባለጌ!»

«የት ያስሩኛል? የሚዘጋ ቤት የለዎትም እኮ።»

ማንም አልሳቀም ይላሉ፤ የአሳዬ እናት አጠገባቸው ቆማ ነበርና። ግን አንድም ሰው መዝጊያውን ሊያነሳ አልጎነበሰም። ግራዝማች ወደ ቸኮል ዞረው «አንተስ?» ቢሉት፣ እርጥብ ኩታውን እየጨመቀ «እኔ ጌታዬ፣ ከመዝጊያው አትለይ ብለውኛል» አለና ከዋንዛው ሥር ተቀመጠ። እስኪሞት ድረስም ከዚያ አልተነሳም፤ የዛሬዎቹ ቀዛፊዎች አለቃችን የሚሉት እሱን ነው።

ግራዝማች አዲስ መዝጊያ አሠሩ፤ ነፋስ በተነሳ ጊዜ በሰው ትከሻ ወደ ውሃው ሄደ። ሌላ አሠሩ፤ እሱም ሄደ። በመጨረሻ መጋረጃ ሰቅለው «ደጃችን ለድኻ ሌትም ቀንም ክፍት ይሁን ብለናል» የሚል አዋጅ አስነገሩ። ክፉ አንደበት ያላቸው ሰዎች በአገሩ የዋንዛ ግንድ አልቆባቸው ነው ይላሉ። እኔ ግን የመንግሥት ቃል ስለማከብር አዋጁን አምናለሁ።

ከዚያ ወዲህ ጀልባ መሥራት ቢለመድም ስሙ አልተለወጠም፤ ከውሃ የሚወጣ ሰውም ዛሬ ድረስ «ጉዳይህ ምንድን ነው?» ተብሎ ይጠየቃል፤ «መስጠም» ካላለ ይሰደባል እንጂ አይተውም። በጽሕፈት ቤቱ የተሾመ ሁሉ መዝጊያ ያስገጥማል፤ ጀልባው ባረጀ ቁጥር መዝጊያው ይጠፋል፤ መጋረጃውም ይመለሳል።

ዘንድሮ የመጡት ኃላፊ ግን ብልህ ናቸው። የብረት በር አዘዙ። ይህን ጊዜ የቀዛፊዎቹ ሽማግሎች ነጠላቸውን አጣፍተው በትሕትና ቀረቡና፣ ብረት ለዝገት ነው፣ ለእርስዎ ክብር የሚስማማው ዋንዛ ነው፣ ወፈር ብሎ፣ ሰፋ ብሎ፣ ከታች በኩልም ጎበጥ ቢል ያምራል ብለው ለመኑ። ኃላፊውም ሕዝቡ ለጽሕፈት ቤቱ ያለው ፍቅር ልባቸውን ነክቶት እሺ አሉ። እንዲያውም ሽማግሎቹ ለእጅ መያዣ ብለው የጠየቁትን ቀለበት በአራቱም ማዕዘን ፈቅደዋል።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ይህን ታሪክ ለማንም አትድገሙት። አናጢው ገና አልጨረሰም።