ካቻቢቴውና ሁለቱ ቆርኪዎች

«ለምኑኝ!» አለ ካቻቢቴው ከወንበሩ ትራስ ሥር። «ሦስት ጊዜ ጌታዬ በሉኝና እወጣለሁ!»

ጥሩ ሰዓት ደረስክ፤ ግባ። ያን በርጩማ ሳብ አድርግና እግርህን ሰብስብ። ገና መጣፈጡ ነው። ካቻቢቴ ደግሞ ምን ሆኖ ይለመናል ትለኝ ይሆናል፤ ቆይ፣ ከሥሩ ልንገርህ።

ድሮ ነው። ብረትም ቆርቆሮም አፍ የነበረው፣ ሰው ግን ወሬያቸውን የማይሰማበት ጊዜ፤ መብራት ሳይጠፋ ውሎ የሚያድርበት ጊዜ። ምን ያስቅሃል? ተረት ነው አልኩህ እኮ።

በዚያ ዘመን እትዬ ማንጠግቦሽ የምትባል ሴት ለባለጉዳይ ማመልከቻ የምትጽፍበት አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረቻት። በሱቋ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ኮምፒውተር ነበር፤ አያ ሣጥኖ ይሉታል። አያ ሣጥኖ ግንባሩ ላይ ሁለት ቁልፎች ነበሩት። አንዱ ማብሪያ ነው፤ አንዱ ደግሞ ሲደነዝዝ እንደገና ማስነሻ። እትዬ ማንጠግቦሽ በተናደደች ቁጥር በአውራ ጣቷ ስትወጋቸው፣ ስትወጋቸው፣ አንድ ቀን ሁለቱም ተሰብረው ሆዱ ውስጥ ወደቁ። በቦታቸው ሁለት ቀዳዳ ቀረ። ከየቀዳዳው ሁለት ሁለት ሽቦ ተንጠለጠለ።

ይኼኔ ነው ካቻቢቴው ያለፈለት። ጠዋት ጠዋት እትዬ ማንጠግቦሽ ታነሣዋለች፤ ጫፉን ሁለቱ ሽቦዎች ላይ ያሳርፋል፤ ቂጭ! አያ ሣጥኖ ይነቃል። ሥራው ይኼው ነው። ስሙ ግን ጋሽ ካቻቢቴ ሆነ።

መጀመሪያ «አመስግኑኝ» አለ፤ አመሰገኑት። ቀጥሎ «ሳልፍ ተነሡልኝ» አለ፤ ስቴፕለሯ ሳትቀር ተነሣችለት። በሦስተኛው «ጌታዬ በሉኝ» አለና፣ እስኪሉት ድረስ ከእትዬ ማንጠግቦሽ ወንበር ትራስ ሥር ገብቶ ተደበቀ።

ያን ቀን ሱቁ በባለጉዳይ ጢም ብሏል። እትዬ ማንጠግቦሽ ካቻቢቴውን በመሳቢያ ፈለገች፣ በጠረጴዛ ሥር ፈለገች፣ በመቀነቷ ሳይቀር ፈለገች። የለም! ባለጉዳዩ አጉረመረመና ወደ ጎረቤት ሱቅ ተሻገረ።

«በቃኝ!» አለች። «በካቻቢቴ የሚቀሰቀስ ዕቃ፣ ዕቃ ነው? ዛሬ ቆራሌው ደጄ ሲደርስ ሰጥቼህ እገላገላለሁ!» ወንበሯን ከነትራሱ በሩ ላይ አውጥታ፣ ፊቷን ወደ መንገድ አዙራ ዘፍ አለች።

ካቻቢቴው ከሥሯ ነው። ድምፁም ታፍኗል። ግን ወይ ፍንክች! «ለምኑኝ!» ይላል።

ከመንገዱ ጫፍ «ቆራሌው! ቆራሌው!» የሚል ተሰማ። አሮጌ ዕቃ በጆንያ የሚሰበስበው ሰውዬ መጣ ማለት ነው።

«እመት አይጢት፣ አለቀልኝ» አለ አያ ሣጥኖ። «ጆንያ ልገባ ነው።»

እመት አይጢት ሆዱ ውስጥ፣ ሙቀቱ ካለበት ጥግ፣ ልጆች የምታሳድግ አይጥ ናት። «አንተ ብቻ? እኔስ አራት ልጅ ይዤ የት ልግባልህ?»

«ታዲያ ጌታዬ ብለን እንለምነው?»

«ማንን? ያን ሹል? እኔ እኮ ቤቴ ሆድህ ውስጥ ነው፤ ሙያውን ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ። ሁለቱን ሽቦ ያነካካል፤ አለቀ! ብረት የተባለ ሁሉ ይችለዋል። የራስህን ቁልፍ እንሠራልሃለን።»

ጠረጴዛው ሥር ሁለት ቆርኪዎች ተጋድመው ነበር፤ አንዱ የለስላሳ፣ አንዱ የቢራ።

«ማብሪያ የሚሆን አለ?» አለች።

«እኔ!» አለ የለስላሳው።

«እኔ!» አለ የቢራው።

«ተው እንጂ አንተ» አለው የለስላሳው፤ «ያንተ ሙያ ሰው መጣል ነው።»

«ጥዬ መቼ ዝም አልኩ? በማግስቱ እንደገና አስነሣ የለ?»

«እንግዲያው እንደገና ማስነሻው አንተ ነህ» አለች አይጢት። ሙግቱ እዚያው ተቋጨ።

አይጢት፣ እትዬ ማንጠግቦሽ ጠረጴዛው ሥር የለጠፈችውን ማስቲካ ላጠችና አኘከች፤ የለስላሳውን ቆርኪ በቀዳዳው ላይ አጣበቀች። ተንደርድራ በመቀመጫዋ መታችው። ዝም።

«ምን ሆነሃል?»

«ውስጤ ላስቲክ ለብሷል» አለ ቆርኪው እያፈረ። «ጋዙ እንዳይወጣብኝ ነው።»

ላስቲኩን በጥርሷ ቦጭቃ ጣለች፤ ለቢራውም እንዲሁ አድርጋ ሁለቱንም በየቀዳዳቸው ላይ አጣበቀች። እንደገና ተንደርድራ የለስላሳውን መታችው። ቢፕ! አያ ሣጥኖ ነቃ! ልጆቿ እልልታውን አቀለጡት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እስኪቆጠር ብቻ በራ፤ ከዚያ ድርግም።

«አሁንስ?»

«ጣት ግንባሬ ላይ ከቆየ ተኛ ያሉኝ ይመስለኛል» አለ አያ ሣጥኖ። «ቆርኪው ገብቶ ቀረ።»

«ውጣ እንጂ አንተ!»

«እኔ ቆርኪ ነኝ» አለ። «ሰው ሳይነቅለኝ ወጥቼ አላውቅም።»

«ቆራሌው! ቆራሌው!» አሁን ከወፍጮ ቤቱ በር ነው።

«ለምኑኝ!» አለ ካቻቢቴው። «አሁን አምስት ጊዜ ሆኗል!»

አያ ሣጥኖ ልቡ ከዳው። «ጌታ...» ብሎ ሲጀምር አይጢት በጅራቷ አፉን መታችው። ቀና ስትል ጠረጴዛው ላይ ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ አየች፤ ያ ራሱን ሲጫኑት ቂጭ የሚለው።

«ሞላዬን ውሰጂው» አላት እስክሪብቶው። «ስገባ የሚመልሰኝ እሱ ነው። ቀለሜ ካለቀ ወዲህ ገባሁ ወጣሁ ለማን ብዬ ነው?»

አይጢት ሞላውን ጥርሷ እስኪያፏጭ ነክሳ ለሁለት ከፈለችው። ግማሹን ከለስላሳው ጀርባ፣ ግማሹን ከቢራው ጀርባ ሻጠች፤ ማስቲካውን ዳር ዳሩን አደላደለች። ልትሞክረው ስትንደረደር...

«ቆራሌው!» በሩ ላይ።

«ያውልህ፣ ውሰደው» አለች እትዬ ማንጠግቦሽ ዘወር ሳትል።

ቆራሌው ገባ። ጆንያውን ዘረጋ። አያ ሣጥኖን ለመሳብ መዳፉን ግንባሩ ላይ አሳረፈ። ቆርኪው ገባ፤ ቆርኪው ወጣ። ቢፕ! ቆራሌው ደንግጦ እጁን ሲያነሣ ክርኑ የቢራውን መታው። ድርግም፤ ቢፕ! እንደገና ተነሣ!

«እትዬ!» ብሎ ጮኸ ቆራሌው። «ይኼስ ጆንያ አይደለም፣ ጠበል ነው የሚያስፈልገው!»

ካቻቢቴውም ቢፑን ሰማ። «ያለ እኔ?!» ብሎ ብድግ። የት እንዳለ ረስቶታል እኮ!

«ወይኔ መቀመጫዬ!» እትዬ ማንጠግቦሽ ጣራ ልትነካ ምንም አልቀራት። ትራሱን ገለበችው። ካቻቢቴውን አየች። አያ ሣጥኖን አየች። ጠጋ ብላ የቢራውን ቆርኪ በጣቷ ነካ አደረገችው፤ ገባ፣ ወጣ፣ ቢፕ! በእጇ መቀመጫዋን እያሸች ከት ብላ ሳቀች።

«በል፣ አንተም ባዶህን አትመለስ» አለችው ቆራሌውን፤ ካቻቢቴውንም ጆንያው ውስጥ ወረወረችው።

ጆንያው መንገድ ጀመረ። «እመት አይጢት!» አለ ካቻቢቴው ከውስጥ፤ አሁን ለማኙ እሱ ሆኗል። «እመቤቴ! እመቤቴ! እመቤቴ! ሁለቱን ሽቦ ከእንግዲህ ማን ሊያገናኝልሽ ነው?»

አይጢት ደፍ ላይ ወጥታ፣ ከጥርሷ ማስቲካ እየነቀሰች እንዲህ አለችው፤

«ጋሽ ካቻቢቴ፣ ሁለቱን ያገናኘ ይመረቃል፤ ያለ እኔ አይገናኙም ያለ ግን በቆርኪ ይተካል።»