ከወንዝ ማዶ የተሰማ ቃል

በድሮ ዘመን፣ ልጆቼ፣ ክረምት በገባ ቁጥር እንደ ኮርማ የሚያጓራ ወንዝ ነበር። ስሙንም አጓሪ ይሉታል። በአጓሪ ዳር ትርንጎ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ትኖር ነበር። ትርንጎ ቁጡ ናት፤ ግን ሆደ ቡቡ። ቁጣዋም ቶሎ ይነድዳል፣ ዕንባዋም ቶሎ ይወርዳል።

አበጀ የሚባል አንድ ልጅ ነበራት። አበጀ ደግሞ ጓንጉል የሚባል ጓደኛ ነበረው። ጓንጉል ወላጆቹ ስለሞቱበት እዚያው ትርንጎ ቤት አደገ። ሁለቱ አብረው ያርሳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ ሲላቸውም ይጣላሉ። ከዚያ ደግሞ ይታረቃሉ።

በሐምሌ ወር አንድ ጠዋት በበሬ ምክንያት ተጣሉ፤ መንደርተኛው ሁሉ ሰማ። ከሰዓት በኋላ አበጀ ከወንዙ ዳር፣ ከሾላው ሥር፣ በዱላ ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። ጓንጉል አቅፎት ያለቅሳል፤ ልብሱ ደም በደም ሆኗል።

የአገሩ ጭቃ ሹም ሽበሺ፣ ያ አንደበተ ማር፣ ዳኛ ፊት ቀርቦ ማለ።

«እኔ ከወንዙ ማዶ ነበርኩ። ጓንጉል አበጀን ሲመታው በዓይኔ አየሁ። ውሃው ሞልቶ መሻገር አቃተኝ። በላይኛው ድልድይ ዞሬ ስደርስ አበጀን ሞቶ አገኘሁት» አለ።

ጓንጉል «ወንድሜን አልገደልኩም!» ብሎ ጮኸ። ማን ይስማው? ጠዋት ተጣልቷል፣ ልብሱ ደም ነክቷል፣ ሹሙ ምሏል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ትርንጎ ደረቷን እየደቃች «ገዳዩ እሱ ነው!» አለች።

ዳኛውም «ሞት ይገባዋል። ይሙት ይላሉ ወይስ ይታሰር?» ብሎ ጠየቃት።

«ደም አይቼ ጠገብኩ። ዕድሜ ልኩን በሰንሰለት ይማቅቅ» አለች።

ትርንጎ በየዓመቱ ልትረግመው ወህኒ ቤት ትሄድ ጀመር።

በመጀመሪያው «አፈር ብላ!» አለችው። እሱም ተነስቶ እጅ ነሳና «እማማ፣ እንዴት ከረሙ?» አላት።

በሁለተኛው «ዘር አይውጣልህ!» አለችው። እሱም «እማማ፣ ጉልበትዎን ተሻለዎት?» አላት።

በሦስተኛው እርግማኑ ከአፏ ሳይወጣ እሱ ቀደማት። «እማማ፣ ቤቱ ዘንድሮም አፈሰሰ? በምሥራቅ በኩል ያለውን ክዳን ሳንጨርሰው ነው አበጀ የሞተ» አለና ፊቱን አዞረ።

ትርንጎ እርግማኗን ዋጠች። ለመንገድ የያዘችውን ስንቅ ጭኑ ላይ አስቀምጣ ወጣች። እስከ ቤቷ ድረስ «ምን ነካኝ? የልጄን ገዳይ አበላሁ?» እያለች ከራሷ ጋር ተጣላች። በቀጣዩ ዓመት ግን ስንቁን የቋጠረችው ለእሱ ብላ ነበር። ልብ እንዲህ ናት፣ ልጆቼ፤ ከአፍ ቀድማ ትታረቃለች።

ከዓመታት በኋላ አንድ ጊዜ ትርንጎ የልጇን ሙት ዓመት ደገሰች። ሽበሺም መጣ፤ በላ፣ ጠጣ። ጠላው ሞቅ ሲያደርገው አዘነላት መሰል፣ ጠጋ አለና «እማማ ትርንጎ፣ ይጽናኑ። አበጀ ነፍሱ ስትወጣ ‹እናቴን አደራ› እያለ ነበር» አላት።

ትርንጎ ጉልበቱን ስማ አለቀሰች። ዕንባዋን ስትጠርግ ግን አንድ ነገር ከነከናት።

«ጮኾ ነው የተናገረው?» አለችው።

«ኧረ ምን አቅም ነበረው! በሹክሹክታ ነው እንጂ።»

ትርንጎ ጠላ ጨመረችለት።

በዚያ ወራት ፈንታ የሚባል አዲስ ዳኛ ተሾሞ ነበር። ትርንጎ ሄዳ ከደጁ ቆመችና «አቤት!» አለች።

ዳኛው ነገሯን ሰምቶ ተገረመ። «እማማ፣ ጓንጉልን ያስፈረዱበት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ነኝ፣ ጌታዬ። ያኔ የፈረደው ዕንባዬ ነው። አሁን ግን ጆሮዬ ሌላ ነገር ሰማ።»

ሽማግሌዎቹ «ያለፈ ፍርድ እንዴት ይነሳል?» ብለው አጉረመረሙ።

«ፍርዱ አልፏል፤ ሰውየው ግን ዛሬም ታስሯል» አለ ዳኛው።

ሐምሌ ገና አልወጣም፤ አጓሪም ሞልቶ ነበር። ዳኛው ሽበሺን ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር በድልድዩ አዙሮ፣ ያኔ ቆሜበት ነበር ካለው ቦታ አቆመው። ትርንጎን ደግሞ ከሾላው ሥር አቆማት። ከመሄዳቸው በፊትም «እሷ አንድ ነገር ትናገራለች፤ የሰማችሁትን ትነግሩኛላችሁ» ብሏቸው ነበር።

ትርንጎ በሹክሹክታ ተናገረች። ወንዙ አጓራ።

ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናገረች። ወንዙ አጓራ።

ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ጮኸች። ወንዙ አጓራ።

ሦስቱ ዞረው ሲመለሱ ዳኛው «ምን አለች?» ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌዎቹ «አፏ ሲከፈት አየን እንጂ የሰማነው የለም» አሉ።

«አንተስ፣ ሽበሺ? የአበጀን ሹክሹክታ የሰማህ ሰው የእናቱ ጩኸት እንዴት አመለጠህ?»

ሽበሺን ላብ አጠመቀው። «ያን ቀን… ያን ቀን ውሃው ጎድሎ ነበር» አለ።

«ጎድሎ ከነበረ ለምን ተሻግረህ አላዳንከውም? ሞልቶ ነበር ብለህ አልማልክም?»

ያ ማር አንደበት ደረቀ። ወደ ዳኛው ቀና ብሎ «ምን ነበር ያለችው?» አለ።

«‹ሽበሺ፣ ልጄ ምን ቢያደርግህ ገደልከው?› ነው ያልኩህ» አለች ትርንጎ። ድምፅዋ አልቆ በሹክሹክታ ነበር የተናገረችው። ይህን ግን ሰማ።

ተንበረከከ። የትርንጎን የድንበር ድንጋይ ነቅሎ ሲያዛውር አበጀ እጅ ከፍንጅ እንደያዘው፣ በዱላ እንደመታው፣ የመጨረሻ ቃሉንም አጠገቡ ቆሞ እንደሰማ ተናዘዘ። ሹመቱን ተገፈፈ፤ ዕድሜ ልኩንም እንዲታሰር ተፈረደበት።

ጓንጉል ከወህኒ ሲወጣ ትርንጎ እንደ በዳይ ወግ ድንጋይ በጫንቃዋ ተሸክማ ደጁ ላይ ተደፍታ ጠበቀችው።

«ማረኝ፣ ልጄ። ጉብዝናህን በላሁት» አለች።

ጓንጉል እግሩ ሰንሰለት ለምዶ እየተንገዳገደ መጣና ድንጋዩን አነሳላት። «እማማ፣ ይህን ተሸክመው እዚህ ድረስ መጡ? ወገብዎንስ?» አላት።

«ማርኩሽ በለኝ!»

«ልጅ እናቱን ይምራል እንዴ? በሉ ተነሡ፣ ይርበኛል።»

ትርንጎ እያለቀሰች ሳቀች። እጁን ይዛ ወደ ቤቷ ወሰደችው። ከዚያ ወዲያ አገሩ ሁሉ የትርንጎ ልጅ ነበር የሚለው። ሚስት ዳረችው፤ ልጆቹንም አዝላ አሳደገች።

እንግዲህ፣ ልጆቼ፣ ሐዘን ሲበረታ ሰው ጥፋተኛ ለማግኘት ይቸኩላል። ፈርዳችሁ ስታበቁም ‹ተሳስቼ ይሆን?› ማለት አትፈሩ፤ ነውሩ መሳሳት ሳይሆን፣ ስህተትን አውቆ ዝም ማለት ነው።

ተረቴ እዚህ ላይ ደከማትና ጋደም አለች። እናንተም ከምታዛጉ ጋደም በሉ።