ክንፍህን ዘርጋ

ተረቴን ላምጣው? «አምጣው» በሉኝ። ጆሮ ያለው ይጠጋ።

በድሮ ዘመን ወፎች አንድ ገደል አፋፍ ላይ ይኖሩ ነበር። ሐይቁ ከገደሉ ማዶ ነው። ጫጩት የሚያሻግሩት ትልልቆቹ ወፎች ናቸው፤ በጀርባቸው አዝለው። ያኔ ሁሉም እንዳሻው ይነሣ ነበር። ስንቱ ገደል ገባ! ሽመላም ጫጩት ሳለ ካዘለው ወፍ ጋር ወድቆ ክንፉ ተሰበረ። ወንድሞቹ አልተረፉም። ስለዚያ ቀን ብዙ አያወራም።

ወፎቹ መክረው እሱኑ የአፋፉ ዳኛ አደረጉት። ሕጉ አጭር ነው፦ ጫጩት የሚያዝል ሁሉ ክንፉን ዘርግቶ ያሳያል። ሽመላ «ሂድ» ካላለ አይነሣም።

አንድ በጋ የአፋፉ ምንጭ ደረቀ፤ ውሃ የቀረው ማዶ ሐይቁ ዘንድ ብቻ ነው። ትልልቆቹ ወፎች ማዶ ናቸው፤ ከእነሱ የቀረው አያ ንስር ብቻ ነው። እመት ቆቅ ጫጩቶቿን ይዛ መጣች። ንስር ሊያዝላቸው ጎንበስ አለ።

«ክንፍህን ዘርጋ» አለ ሽመላ።

«እኔ ንስሩ?»

«አንተ ንስሩ።»

ዘረጋ። የግራ ክንፉ ላባዎች ተሰብረዋል።

«አትነሣም። ላባህ ይብቀል።»

ንስር ሄዶ የሰባ አይጥ ይዞ መጣ። «እንካ አባ ሽመላ፣ ብላና ዝም በል።»

«ጠግቤአለሁ። ላባህ ይብቀል።»

ንስር ጥፍሩን አወጣ። «አንገትህ ቀጭን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። ላባህ ይብቀል።»

በሦስተኛው ትንንሾቹን ወፎች ሰብስቦ መጣ። «መብረር የማይችል በራሪን ይከለክላል?»

«ይሻር! ይሻር!» ተንጫጩ። ቆቅም አለቀሰች፦ «አባ ሽመላ፣ ልጆቼ እኮ ተጠሙ!»

ሽመላ ጫጩቶቹ ፊት ቆመ።

«ጥሙን አያለሁ። ገደሉንም አይቼዋለሁ። እኔን መሻር ትችላላችሁ፤ የተሰበረ ላባ ግን በጩኸት አይቀጠልም። እነዚህን የሚወስድ በሬሳዬ ላይ ይለፍ።»

«እንግዲያው ብቻዬን ተሻግሬ አሳያችኋለሁ!» ንስር ተወረወረ።

ገደሉ መካከል ነፋስ ያዘው።

«ተው! እኔ እኮ ንስር ነኝ!»

«ማን ስምህን ጠየቀህ?» አለ ነፋስ፤ ገለበጠው።

እሾህ ላይ ወደቀ። ከሰዓት በኋላ እየዳኸ አፋፉ ላይ ወጣ። ማንም ሳይጠይቀው ክንፉን ዘረጋ።

«አሁንስ?»

«አሁንም አትነሣም።»

ያን ጊዜ ከትልልቆቹ ወፎች አንዷ፣ ይብራ፣ ከማዶ ተመልሳ አረፈች። ወፎቹ ሁሉ ወደ ሽመላ ዞሩ። እሱ ወደ ይብራ ዞረ።

«ክንፍሽን ዘርጊ።»

ዘረጋች። ሙሉ ነው።

«ሂጂ።»

ጫጩቶቹ ተሻገሩ፤ ጠጡ።

ተረቴ እዚህ አረፈ። ዳኛ ከፈራ፣ የሚፈርደው ነፋስ ነው።