ከድንበር ማዶ የተበላ ፓስታ

አንድ ደምመላሽ የሚባል ነጋዴ ነበረ። ከደጋ ምስርና ባቄላ እየገዛ ድንበር ያሻግርና በጎረቤት አገር ባለች የወደብ ከተማ ይሸጣል። ትዳሩ ደህና፣ ጤናው ደህና፣ ንግዱም ደህና ነበር። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም በወጣትነቱ የበላው አንድ ሳህን ፓስታ። አትሳቁ፤ ሰውየው የምሩን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደምመላሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ድንበር የተሻገረው በሁዳዴ ነበር። የጭነት መኪናው በረሃ መሐል ተበላሽቶ ሲገፉና ሲጠግኑ ቆዩና፣ ወደብ የደረሱት ስንቃቸው ካለቀ በኋላ ነው። ሙቀቱ አናት ይበሳል። የጾም መፍቻው ሰዓት አልፏል፤ ግን ምን ይብላ? ገበያው በሙሉ የሚሸተው የፍየል ጥብስና የግመል ቅቅል ነው። ቋንቋ አያውቅ፣ ዘመድ የለው። ያን ጊዜ ሆዱ ባባ። በሰው አገር መራብ ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል።

በወደቡ ግንብ ጥግ አንዲት ሴት ሸራ ወጥራ ፓስታ ትሸጥ ነበር። የወደብ ጫኝና አውራጆች ዙሪያዋን ከበው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ደምመላሽ ጠጋ ብሎ ድስቱን አየ። ስጎው ውስጥ የፍየል ሥጋ ይንተከተካል። ምራቁን ዋጠና ሊሄድ ዞረ።

«አንተ ልጅ! ምነው ሳትበላ?» አለችው ሴትየዋ። ከእኛ ነጋዴዎች የለቃቀመችው አማርኛ ነበራት።

«ጾም ነኝ፣ እናቴ። ሥጋ አልበላም።»

ሴትየዋ ድስቱን አየች፤ እሱን አየች። ከዚያ ስጎውን ወደ ሌላ ዕቃ ገለበጠችና ባዶውን ድስት ይዛ ቁጢጥ አለች። በአሸዋ ፈተገችው። በዚያች ከተማ ውሃ በጀሪካን ተገዝቶ ነው የሚጠጣው፤ እሷ ግን አለቅልቃ አልበቃ ብሏት ደግማ አለቀለቀችው። የተራቡት ሰዎች ማጉረምረም ሲጀምሩ ጭልፋዋን ወደ ላይ አንስታ ዝም አሰኘቻቸው። በአዲስ ዘይት ሽንኩርት አቁላላች፣ ቲማቲምና ቃሪያ ጨመረች፣ ፓስታውን ገልብጣ አማሰለችው። በጎድጓዳ ሳህን ሞልታ፣ ሎሚ ጨምቃበት፣ በአገሩ ወግ ከጎኑ ሙዝ አድርጋ ሰጠችው። ሹካ የሚባል ነገር የለም፤ በጣቱ እየጠቀለለ በላ።

እንዴት ያለ ፓስታ ነበር! ደምመላሽ እየበላ እንባው መጣ። ሴትየዋ አይታ እንዳላየች ሆነችለት።

በሌላ ጊዜ ጭነት ይዞ ሲመለስ ሴትየዋ የለችም። ሸራው ተነስቷል፤ የት ሄደች ቢል የሚነግረው ጠፋ። ስሟን አያውቅ፣ በምን ብሎ ይጠይቅ? በየመንገዱ ዳር ያሉትን ፓስታ ሻጮች ሁሉ አዳረሰ። ከሁሉም ቤት እየቀመሰ ራሱን ነቅንቆ ይወጣል።

ዓመታት አለፉ። ደምመላሽ ጋሽ ደምመላሽ ተባለ። ንግዱም ሲሰፋለት በድንበሩ ከተማ ፓስታ ቤት ከፈተ። ሰው ሁሉ ለትርፍ መሰለው፤ እሱ ግን ያንን ጣዕም ፍለጋ ነው። ዘይቱን ከዚያው ከወደብ ያስመጣል። ሎሚውን ከዚያው፣ ድስቱን ሳይቀር ከዚያው አስጫነ። የምታበስለው ባለቤቱ ይርገዱ ነበረች። እጇ የተባረከ ነው የምትባል ሴት ናት፤ ሹፌሮች ለእሷ ፓስታ ሲሉ መንገድ ይቀይራሉ። በጾም የጾሙን፣ በፍስክ የፍስኩን ትሠራለች። ባሏ ፊት ባቀረበች ቁጥር ግን አንድ ጉርሻ ቀምሶ ሳህኑን ገፋ ያደርግና፣ «ጥሩ ነው፤ ግን እሱ አይደለም» ይላል።

ይህ አባባሉ ከተማውን አዳረሰ። አንዱ አዲስ ጫማ ገዝቶ ሲያሳይ፣ «ጥሩ ነው፤ ግን እሱ አይደለም» ይሉታል። ሙሽራ ሲያልፍ እንኳ ሹፌሮቹ እንዲህ እየተባባሉ ይስቁ ነበር። ያልሳቀችው ይርገዱ ብቻ ናት። ሰው ስንት ዓመት ሙሉ እሳት ላይ ቆሞ አንድ ቀን እንኳ «ጣፈጠኝ» ሳይባል ይኖራል? አንድ ቀን መረራት።

«አንተ ሰውዬ፣ ያገባኸው እኔን ነው ወይስ ያችን ሴትዮ?» አለችው ሽርጧን እየፈታች። «እኔ ከማላውቃት ሴት ጋር ስወዳደር አረጀሁ። ይኸው ጭልፋው፤ ይህ ሳምንት ካለቀ እዚህ ቤት አላበስልም። እህቴ ጋ እሄዳለሁ። አንተ ከትዝታህ ጋር ኑር።»

ጋሽ ደምመላሽ ደነገጠ። ይርገዱ የተናገረችውን የምታጥፍ ሴት አይደለችም። እሷን ማጣት አይፈልግም፤ ያንን ጣዕም መርሳትም አቃተው። ቢያባብላት፣ አስታራቂ ሰው ቢልክ፣ አልሰማ አለች።

ሳምንቱ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ወደ ማታ ፀሐይ ስትገባ ቤቱ ጢም ብሎ ነበር። ፋሲካ ገና ማለፉ ነው፤ ስጎው ሁሉ በሥጋ ነው። በዚህ መሐል ከድንበር ማዶ የመጡ አንድ የግመል ነጋዴ ሽማግሌ ገብተው ጥጉን ያዙ። ረመዳን ነበረና ከኪሳቸው ቴምር አውጥተው በውሃ አፈጠሩ።

«ምን ይምጣልዎት አባቴ?» አለቻቸው ይርገዱ።

«ሻይ ይበቃኛል ልጄ።»

«ኧረ ፓስታ ልስጥዎት፤ ቀኑን ሙሉ ጾመው ውለው!»

«ሥጋችሁና ሥጋችን አንድ አይደለም። አትቸገሪ፣ ሻይ ይበቃኛል» አሉ ፈገግ ብለው። ዓይናቸው ግን ሰው ሁሉ ከሚበላበት ሳህን ላይ ነበር። ከዚያ ዞር አደረጉት፤ ምራቃቸውን ዋጡ።

ጋሽ ደምመላሽ አያቸው። አንጀቱን በሉት። ብድግ አለና ወደ ማድ ቤት ገባ። የሚንተከተከውን ስጎ ወደ ሌላ ዕቃ ገለበጠና ድስቱን ይዞ ቁጢጥ አለ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለች ይርገዱ። ባሏ ድስት ሲያጥብ ከተጋቡ ጀምሮ አይታ አታውቅም። እጇን በአፏ ጫነች። ከውጭ ሹፌሮቹ፣ «ኧረ ምግብ! ራበን እኮ!» እያሉ ይጮሃሉ። እሱ እቴ! እጅጌውን ሰብስቦ ይፈትጋል፣ ያለቀልቃል። ከዚያ በአዲስ ዘይት ሽንኩርት አቁላላ፤ ቲማቲሙን እንደ ነገሩ ከትፎ ጨመረ፤ ፓስታውን አማሰለ፤ እጁን አቃጠለው። ላቡ እየወረደ ወስዶ ለሽማግሌው አቀረበ።

«ሥጋ የለውም አባቴ። ድስቱንም በደንብ አጥቤዋለሁ።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት። ቢስሚላህ ብለው ጀመሩ። ትንሽ እንደበሉ ቆም አሉና በጥምጥማቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ እኔ በዚህ መንገድ ስመላለስ ነው ያረጀሁት» አሉ። «እንዲህ የጣፈጠ ምግብ በሰው አገር በልቼ አላውቅም።»

ጋሽ ደምመላሽ ልቡ ዘለለ። አገኘሁት ማለት ነው! እየሮጠ ማድ ቤት ገባና ከድስቱ ሥር የተረፈውን ጠቅልሎ ጎረሰ። ወይ ጉድ! ጨው የለውም። ጨው የሚባል ነገር ፈጽሞ አልገባበትም። ሽንኩርቱ አሯል፤ ፓስታው ላቁጧል። አፍሮ ወደ ሽማግሌው ተመለሰ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አባቴ! ጨው ረስቼ ነው ያበላሁዎት፤ ምነው አይነግሩኝም?»

ሽማግሌው ሳህናቸውን አዩት። አንድ ክር ፓስታ እንኳ አልቀረም።

«ጨው?» አሉ ግራ ገብቷቸው። «አልጎደለኝም እኮ።»

ጋሽ ደምመላሽ እዚያው አጠገባቸው ቁጭ አለ። ለካ ያ የወደቡ ፓስታ ጨው ይኑረው አይኑረው እሱም አያውቅም! ዘይቱን ሲያስመጣ፣ ሎሚውን ሲያስጭን፣ ድስቱን ሲያስገዛ የኖረው በከንቱ ነው። ሴትየዋ ትዝ አለችው፤ ጀርባዋ፣ አሸዋ የያዘ እጇ። ስንት ዓመት ስለ ስጎዋ ሲያወራ ስላደረገችለት ደግነት ለአንድ ሰው እንኳ አውርቶ አያውቅም። እንደዚያ ሆና አብልታው ስሟን እንኳ አለመጠየቁ አሁን አንገበገበው። ምነው አንዴ ባገኛት፣ ምነው እጇን ስሜ ባመሰገንኳት አለ። የት ተገኝታ!

እንግዶቹ ሲወጡ ይርገዱ ራሷ ከሠራችው የቀረውን ፓስታ ሳህን ላይ አውጥታ አስቀመጠችለትና፣ የሚለውን ላለመስማት ፊቷን አዞረች። እሱ ግን ሳህኑን አልገፋም።

«ይርገዱ፣ ነይ ቁጭ በይ» አላት። «እኔ በልቼ እስክጨርስ ቆመሽ ነው የኖርሽው።»

መጣች፤ እያመነታች ተቀመጠች። አንድ ጉርሻ ጠቀለለና በፊት እሷን አጎረሳት። ከዚያ እሱም በላ፣ ደገመ፣ ሳህኑን አሟጠጠ።

«ጣፈጠኝ» አላት።

ይርገዱ አለቀሰች። በማግስቱ እህቷ ጋ አልሄደችም።

ወዳጆቼ፣ ብዙዎቻችን የሆነ ቦታ የበላነውን፣ የሆነ ጊዜ የጠጣነውን እያነሳን፣ «እንደዚያ ያለ ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም» እንላለን። ቅመሙን እንፈልጋለን፤ አገሩ ድረስ እንሄዳለን። ያጣፈጠው ግን ሰው ነበር። የተራበውን እንግዳ አይቶ ሥራውን ያቆመ፣ የእኔ እምነት ያንተ እምነት ሳይል ያከበረ አንድ ሰው። እንዲህ ያለው ጣዕም ተፈልጎ አይገኝም፤ ለሌላው ሲሰጡት ግን በሌላው ፊት ላይ ይታያል። እኛም እሱን ፍለጋ ሩቅ ስናይ፣ በየቀኑ እሳት ላይ ቆሞ የሚያበላንን ሰው ሳናመሰግን እንዳንቀር።

እስቲ እናንተስ፣ ዛሬ ማታ ገበታ ላይ ስትቀርቡ «ጣፈጠኝ» ልትሉት የሚገባ ግን ብላችሁት የማታውቁት ሰው ማነው?