የኮሎኔሉ ጩቤ

አፎት ማለት የጩቤ ቤት ነው፤ ጩቤውን ከዝገት ይጠብቃል፣ ውሎውንም ለሰው አይናገርም።

ጡረተኛው ኮሎኔል አስናቀ የጥንት የጀርመን መኮንኖችን ጩቤ ከነአፎቱ፣ ከነማንጠልጠያውና ከነዘርፉ ይሰበስቡ ነበር። እነዚህ ጩቤዎች ለማዕረግ የሚታጠቁ ናቸውና ስለት አይወጣላቸውም። አንድ ቀን ግን ሠራተኛቸው የወጥ ቤቱን ቢላዎች ለሰፈሩ ሞራጅ ስትሰጥ አንዱ ጩቤ አብሮ ሄደ፤ ሞራጁም ጢም እስኪላጭ ድረስ ሳለው።

ኮሎኔሉ ምሳ በጠሯቸው እንግዶች ፊት ሞራጁን አስቀረቡት።

«አንተ ጅል! ይህ ጩቤ ከመኮንኑ ወገብ ከተፈታ ወዲህ መቶ ዓመት ሙሉ ቅቤ እንኳ አልቆረጠም! አሁኑኑ እንደ ነበረ ካልመለስከው የመሞረጃ ድንጋይህን ትቀማለህ!»

ሞራጁ ድንጋዩን እቅፍ አደረገ። ያለ እሱ ልጆቹ ጦም ያድራሉ።

«እመልሰዋለሁ፣ ጌታዬ» አለ። «ብቻ ትንሽ አዋዜና ጮማ ይታዘዝልኝ። ከመሳሌ በፊት ከጩቤው ላይ ያጠብኩት እሱን ነው፤ ገና አልደረቀም ነበር።»

እንግዶቹ ወደ ኮሎኔሉ አዩ። ኮሎኔሉ ወደ ጣሪያው አዩ።

ሞራጁ ድንጋዩን ተሸክሞ ወጣ። የዚያን ቀን ቁርጥ በጀርመኑ ጩቤ ተበላ፤ እንግዶቹም ስለቱን አመሰገኑ።