አልሞላም ያለው ባልዲ

ተረት ልንገራችሁ ስል «የላም በረት» ልትሉኝ አፋችሁን አታዘጋጁ፤ የዛሬው ተረት ላምም በረትም የለው። ያለው አንድ ባልዲ ነው፤ እሱም ባዶ።

ብርዱ ጥርስ በሚያንቀጫቅጭበት የደጋ ከተማ አንድ ዩኒቨርሲቲ ነበረ። እዚያ፣ በሴት ተማሪዎች ማደሪያ ሦስተኛ ፎቅ፣ እትዬ ጌጤ የሚሏት የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። አሥራ አንድ ዓመት ያንን ወለል ስታጥብ ኖራ እያንዳንዱን ስንጥቅ በስሙ ልትጠራው ምንም አልቀራትም። ውሃ ከጠፋ ሁለት ቀን ሆኖት ነበርና፣ በሦስተኛው ቀን ጠዋት የክሊኒኩ ሲስተር መጣች፤ አፍንጫዋን ይዛ ሽንት ቤቱን አየች። «እትዬ ጌጤ፣ ይሄ እስከ ስድስት ሰዓት ካልታጠበ ፎቁን አዘጋዋለሁ። በሽታ ይነሳል» አለቻት።

ዘጠና ልጆች ነገ ፈተና አለባቸው። ፎቁ ከተዘጋ ፍራሻቸውን ተሸክመው ስፖርት አዳራሽ ሲሚንቶ ላይ ሊያድሩ ነው። ጌጤ የፈለገችው እንግዲህ አንድ ባልዲ ውሃ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ እሷና መጥረጊያዋ ያውቃሉ።

ባልዲዋን ከቧንቧው ሥር አስቀመጠችና «በል ሙላ» አለችው።

«አልሞላም» አለ ባልዲው። «ቧንቧው ሳይፈስ በምን ልሙላ?»

ባልዲ ደግሞ ያወራል ወይ ትሉኝ ይሆናል። ጆሮ ለሰጠው ሁሉም ያወራል፤ ጌጤ ደግሞ ጆሮ የምትሰጥ ሴት ነበረች።

«ቧንቧ፣ ቧንቧ፣ ፍሰስ። ባልዲ አልሞላ አለኝ።»

«አልፈስም። ታንከሩ ካልሰጠኝ ከየት አምጥቼ?»

ጉልበቷ እያጉረመረመ ጣሪያው ላይ ወጣች። ታንከሩን ስታንኳኳው እንደ ከበሮ ጮኸ።

«ታንከር፣ ታንከር፣ ውሃ ስጥ። ቧንቧ አልፈስ አለኝ፤ ባልዲ አልሞላ አለኝ።»

«አልሰጥም። ፓምፑ ካልገፋልኝ እኔ ምን አለኝ?»

የወጣችውን ደረጃ መልሳ ወረደች። ከማደሪያው ጀርባ ያለው ፓምፕ ዝም ብሎ ተጎልቷል።

«ፓምፕ፣ ፓምፕ፣ ዙር። ታንከር አልሰጥ አለኝ፤ ቧንቧ አልፈስ አለኝ፤ ባልዲ አልሞላ አለኝ።»

«አልዞርም። ብሬከሩ ወርዷል፤ ያለ መብራት እኔ ድንጋይ ነኝ።»

ብሬከሩ ግድግዳው ላይ ነው። ጌጤ ሞኝ አይደለችም፣ በእጇ አልነካችውም፤ በመጥረጊያዋ የእንጨት እጀታ ገፍታ ከፍ አደረገችው። ጧ ብሎ መልሶ ወረደ።

«ብሬከር፣ ብሬከር፣ ያዝ። ፓምፕ አልዞር አለኝ፤ ታንከር አልሰጥ አለኝ፤ ቧንቧ አልፈስ አለኝ፤ ባልዲ አልሞላ አለኝ።»

«አልይዝም። ጉልበቱን ሁሉ አሮጌው ሕንጻ ይጠጣዋል፤ ለእኔ የሚደርሰኝ ጭላጭ ነው። በጭላጭ ፓምፕ ላዙር ብል ተቃጥዬ እቀራለሁ።»

ሌላ ሰው ቢሆን «የመብራት ነገር፣ ምን ይደረጋል» ብሎ ፀሐይ ሊሞቅ ይቀመጥ ነበር። እኔ ራሴ እቀመጥ ነበር፣ ልዋሻችሁ አልችልም። ጌጤ ግን ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር ብላ፣ ባልዲዋን በአንድ እጇ መጥረጊያዋን በሌላው ይዛ ወደ አሮጌው ሕንጻ ገሰገሰች።

ምድር ቤት ያለውን ትልቁን የመማሪያ አዳራሽ ብትከፍተው አንድም ሰው የለም። ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ወንበሮቹን ሁሉ ይዛለች፤ ከላይ ደግሞ አርባ መብራት ቦግ ብሏል። ለማን ነው የሚያበራው? ለዝንቦቹ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ አድርጋ አጠፋችው። ይህ ብቻውን ፓምፕ እንደማያዞር ግን ገብቷታል። ከላይ ፎቅ የሆነ ነገር እም እያለ ያንጎራጉራል፤ ድምፁን ተከትላ ወጣች።

ድምፁ የሚመጣው ከዶክተር ልሳነወርቅ ቢሮ ነው። ዶክተሩ ሁለት ካፖርት ደርበው፣ አንገታቸውን በሻል ጠቅልለው ተቀምጠዋል። ከእግራቸው ሥር ጥጃ የሚያህል ማሞቂያ ፍም መስሎ ይነድዳል። የሚጽፉትን ልንገራችሁ? «በግቢያችን መብራት በምን በምን ይባክናል» የሚል ጥናት ነው፤ ሦስተኛ ዓመቱ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው።

«ማሞቂያ፣ ማሞቂያ፣ ጥፋ። ብሬከር አልይዝ አለኝ፤ ፓምፕ አልዞር አለኝ፤ ታንከር አልሰጥ አለኝ፤ ቧንቧ አልፈስ አለኝ፤ ባልዲ አልሞላ አለኝ።»

«አልጠፋም። ዶክተሩ ይበርዳቸዋል።»

«ዶክተር፣ እባክዎን ያጥፉልኝ። ማሞቂያ አልጠፋ አለኝ፤ ብሬከር አልይዝ አለኝ፤ ፓምፕ አልዞር አለኝ፤ ታንከር አልሰጥ አለኝ፤ ቧንቧ አልፈስ አለኝ፤ ባልዲ አልሞላ አለኝ። ዘጠና ልጆች ሲሚንቶ ላይ ሊያድሩብኝ ነው።»

ዶክተሩ አልሳቁባትም፤ እስከ መጨረሻው ሰሟት። «ባጠፋልሽ እወድ ነበር፣ እትዬ ጌጤ። ግን ንፋሱ አንገቴን ሊቆርጠው ነው። ይኸው መስኮቴ ዝግ ነው፤ ከየት እንደሚገባ ሦስት ዓመት ሙሉ አላወቅሁም። ቢብስብኝ ነው ከትናንት ወዲያ ይህን ትልቅ ማሞቂያ ያስገባሁት።»

ጌጤ ጣቷን በምራቋ አራሰችና ወደ ላይ ቀሰረች። ንፋሱ ከአንድ ወገን ነው የሚመጣው፣ ቢሮውን ከጎረቤት ቢሮ ከሚለየው ስስ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ አናት።

«ንፋስ፣ ንፋስ፣ ቁም። ዶክተር አላጠፋ አሉኝ፤ ማሞቂያ አልጠፋ አለኝ፤ ብሬከር አልይዝ አለኝ፤ ፓምፕ አልዞር አለኝ፤ ታንከር አልሰጥ አለኝ፤ ቧንቧ አልፈስ አለኝ፤ ባልዲ አልሞላ አለኝ።»

«አልቆምም። ከወዲያ ማዶ ያለው መስኮት ካልተዘጋ ማን ያቆመኛል?»

ከወዲያ ማዶ የሚገባው በሌላ በር፣ በሌላ ኮሪደር፣ ሕንጻውን ዞሮ ነው። ጌጤ ዞረች። እዚያ የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ ውድነሽ መስኮታቸውን ወለል አድርገው ከፍተው፣ በደጋ ብርድ፣ በፋይል ያራግባሉ።

«ወይዘሮ ውድነሽ፣ መስኮቱን ይዝጉልኝ። ንፋስ አልቆም አለኝ፤ ዶክተር አላጠፋ አሉኝ፤ ማሞቂያ አልጠፋ አለኝ፤ ብሬከር አልይዝ አለኝ፤ ፓምፕ አልዞር አለኝ፤ ታንከር አልሰጥ አለኝ፤ ቧንቧ አልፈስ አለኝ፤ ባልዲ አልሞላ አለኝ።»

«ልሙትልሽ እንዴ ጌጤ? ብዘጋው እታፈናለሁ። ይህ ሙቀት ከየት እንደሚመጣብኝ እኔ እንጃ። ሐኪም ቤት እንኳ ሄጄ ምንም የለብሽም አሉኝ።»

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ጌጤ ግድግዳውን ቀና ብላ አየችው። ያ ግድግዳ ጣሪያው ጋ አይደርስም፤ ክንድ የሚያህል ክፍት አለው። ድሮ፣ ሥራ በገባች ዓመት፣ ይህ ሁሉ አንድ ትልቅ ክፍል ነበር፤ ራሷ ወልውላዋለች። የዶክተሩ ሙቀት በአናቱ ወዲህ ይሻገራል፤ የወይዘሮዋ ንፋስ በአናቱ ወዲያ ይሻገራል። ዶክተሩ ሲበርዳቸው ማሞቂያውን ይጨምራሉ፤ ወይዘሮዋ ሲሞቃቸው መስኮቱን ይበልጥ ይከፍታሉ። በመሃል የሁለቱንም ዕዳ የሚከፍለው የጌጤ ባልዲ ነው። ሰዓቱ ለስድስት ግማሽ ሰዓት ይቀረዋል።

በመጥረጊያዋ እጀታ ግድግዳውን አንኳኳች። «ዶክተር፣ ይሰሙኛል? የሚበርድዎ የወይዘሮ ውድነሽ መስኮት ነው። ወይዘሮ ውድነሽ፣ የሚሞቅዎ የዶክተር ማሞቂያ ነው።»



«እርስዎ ኖረዋል እንዴ ያቃጠሉኝ?» አሉ ወይዘሮ ውድነሽ ወደ ግድግዳው።

«እርስዎም ኖረዋል ያቆራመዱኝ» አለ የዶክተሩ ድምፅ። «በሉ ይዝጉና አጠፋለሁ።»

«መጀመሪያ ያጥፉና እዘጋለሁ።»

እነሆ የተማረ ሰው። ጌጤ ሁለቱንም እንደ ልጆቿ ገሠጸቻቸው። «እስከ ሦስት እቆጥራለሁ፤ ሦስት ስል በአንድ ላይ። አንድ። ሁለት። ሦስት።»

መስኮቱ ተዘጋ፣ ንፋሱም ቆመ። ማሞቂያው ጠፋ። ጌጤ ጉልበቷን ረስታ ሮጠች፤ ብሬከሩን በእጀታዋ ገፋችው፣ ያዘ። ፓምፑ ዞረ፣ ታንከሩ ተቀበለና ሰጠ፣ ቧንቧው መጀመሪያ አየር፣ ቀጥሎ ዝገት፣ ቀጥሎ ኩልል ያለ ውሃ ተፋ። ባልዲውም ሞላ፤ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሲስተሯ አፍንጫዋን ይዛ መጣች። ደጃፉ ላይ ቆም አለች፣ ቀስ ብላ አፍንጫዋን ለቀቀች። ዘጠናዎቹም በየአልጋቸው ሆነው ማጥናታቸውን ቀጠሉ፤ ማን እንዳዳናቸው እንኳ አላወቁም።

ዶክተሩ ሻላቸውን አውልቀው፣ ደብተራቸውን ይዘው፣ ሦስት ፎቅ ወጥተው መጡ። ጠዋት አንቺ ያሏትን ሴት ጎንበስ ብለው እጅ ነሷት። «እትዬ ጌጤ፣ እኔ ግቢውን በሙሉ በመሣሪያ ለክቼ ያጣሁትን አገኙት። እርስዎ በምን ለኩት?»

ጌጤ መወልወያ ጨርቋን እየጨመቀች ነበር። ቀና አለች።

«በባልዲ» አለቻቸው።

ዶክተሩም እንዳለችው ጻፉት።

ተረቴ ይኸው ነው፤ አፌን በዳቦ አብሱልኝ አልላችሁም። ስትወጡ ብቻ ያንን መብራት አጥፉልኝ።