የቡላ ጠረን

አንድ ጊዜ፣ ከወንዙ ማዶ ባለው አገር ሣሩ ደርቆ ምንጩ ሲነጥፍ፣ ቡላ የተባለ አህያ ወንዙን ተሻግሮ ወደ አንበሳ አገር ገባ።

በአንበሳ አገር መጻተኛ የሚኖረው በጠረን ነበር። በመስኩ መካከል አንድ ትልቅ ዋርካ አለ፤ አንበሳ ጠዋት ጠዋት ጎፈሩን ግንዱ ላይ ያሻል። ከሌላ አገር የመጣ እንስሳ ደግሞ ክረምት ሊገባ ሲል ወደዚያ ሄዶ ገላውን በግንዱ ላይ ይታከካል። የዋርካው ጠረን ያለበትን ማንም አይነካውም። የሌለበት የጅብ ነው።

ቡላ ዋርካውን ታክኮ ጥቂት ከኖረ በኋላ ሚስቱን ዳልቻን አስመጣት። ሚስት ዋርካው ዘንድ መሄድ አያስፈልጋትም ነበር። ባሏ በተንከባለለበት አቧራ ላይ ከተንከባለለች የእሱ ጠረን ይይዛታል፣ ከእሱም ጋር የዋርካው። ስለዚህ ቡላ በየማለዳው ቤታቸው ካደረጉት ግራር ሥር ባለችው አቧራማ ጉድጓድ ውስጥ ይጋደምና ጀርባውን እያሸ ይገላበጣል። ተነሥቶ ሲያራግፍ እሷ ትተካለች።

«ቶሎ በይ፣ ሙቀቱ ሳይለቅ» ይላታል ሁልጊዜ።

ለሕጉ ብለው የጀመሩት ነገር እየዋለ እያደረ የሁለቱ የማለዳ ሰላምታ ሆነ።

በአንድ በጋ መግቢያ ላይ ቡላ ታመመ። ሣር ማላመጥ አቃተው፤ ወደ ውሃም ዳልቻ ገፍታ ካላስነሣችው አይወርድም ነበር። በዚያው ሰሞን የአንበሳ አዋጅ ነጋሪ የሆነው ወፍ ጋጋኖ ዋርካው ላይ ወጥቶ አዲስ ሕግ እንደሚያሰማ ተወራ።

«ሂጂና ስሚ» አላት ቡላ። «ስለ እኛ ስለ መጻተኞች ነው ይባላል።»

«አንተን ትቼ የትም አልሄድም።»

«አንቺ ብትተዪው ሕጉ አይተውሽም» አለና ፈገግ አለ።

ያ የመጨረሻ ቀልዱ ነበር። አዋጁ በተነገረ ማግስት ቡላ ከግራሩ በታች ባለው ሸለቆ ውስጥ እንደተኛ ቀረ። ዳልቻ ጅብ እንዳያገኘው የሸለቆውን ዳር በሰኮናዋ እየደረመሰች አፈር አለበሰችው። ሰኮናዋ እስኪደማ ድረስ ናደችበት።

እመት ቀበሮ የመጣችው አፈሩ ገና ሳይረጋ ነው። ጅራቷን እግሯ ላይ ጥቅልል አድርጋ ተቀመጠች።

«ስታለብሺው አየሁ» አለች ዝግ ባለ ድምፅ። «አይዞሽ፣ ከእኔ አፍ አይወጣም።»

ዳልቻ ለባሏ ልታናፋለት አፏን ከፈተች።

«እንዳታደርጊው» አለች ቀበሮ ብድግ ብላ። «አንቺ አዋጁን አልሰማሽም። እኔ ከዋርካው ሥር ነበርኩ። ጋጋኖ ምን አለ መሰለሽ? ‹በባሏ ጠረን የምትኖር መጻተኛ፣ ባሏ ከሞተ ጠረኑ ከእንግዲህ አይሠራላትም።› አሁን ብታናፊ አገር ይሰማል፤ አገር ከሰማ አያ ጅቦ ይሰማል። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቂዋለሽ።»

«ታዲያ ወዴት ልሂድ?»

«ማዶ ያለው ድንጋይ ነው፣ ወዴት ትሄጃለሽ? ባልሽ የት አለ ሲሉሽ ጨዋማውን የሆራ ውሃ ሊጠጣ ወርዷል በያቸው። እዚያው አቧራው ላይ እየተንከባለልሽ ኑሪ። አቧራው እስካለ ጠረኑ አለ፤ ጠረኑ እስካለ አንቺም አለሽ።»

«ዝናብ ሲመጣስ?»

«ያኔ ደግሞ ያኔ እናስባለን። አዲስ ነገር በወጣ ቁጥር እየመጣሁ እነግርሻለሁ። ለድካሜ ብዙ አልጠይቅሽም።»

የጠየቀችው ፍልፈል ነበር። ዳልቻ በየቀኑ መስኩን እየዞረች የፍልፈሎቹን ጉብታ በሰኮናዋ ትደረምሳለች፤ ደንግጠው ብቅ ሲሉ ቀበሮ ትለቅማቸዋለች። ከጠገበች በኋላ አፏን እየላሰች ዜና ታወራለች። «ዛሬ ደግሞ ሕጉን ጠበቅ አድርገውታል» ትላለች። ሌላ ቀን ደግሞ፣ «ባል የሌላት መጻተኛ በዋርካው አጠገብ ማለፍም ክልክል ሆኗል አሉ። በዚያ በኩል እንዳትታዪ» ትላለች። ዳልቻ በሰማች ቁጥር ጆሮዋ ይወድቃል፤ በማግስቱ ጉብታዎቹን የባሰ አጥብቃ ትረግጣለች።

ውሃ ለመጠጣት ደግሞ በወንዙ መውረጃ በመልካው ማለፍ ነበረባት። የመልካው ዘበኛ አያ ጅቦ ነው። የሚያልፈውን ሁሉ ያሸታል።

«ነይ እስቲ፣ ጠጋ በይ» ይላታል። አፍንጫውን ከአንገቷ እስከ ጭራዋ ይጎትተዋል። «ቡላ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«ጠረኑ ሳሳ።»

«ትንሽ ከስቷል። ሆራ የወረደው ለዚያ ነው።»

«አንቺ ግን አልከሳሽም» አላት ምራቁን እየዋጠ። «እንዲሁ ቆዪልኝ። ሲመለስ ሰላም በይው። ከተመለሰ ማለቴ ነው።» በራሱ ቀልድ ከት ብሎ ሳቀ።

ከጅቡ ይልቅ የከበደቻት ግን ጎረቤቷ እትዬ ከርከሮ ነበረች። እሷም መጻተኛ ናት፤ ጥርሷ እንደዚያ አስፈሪ ይሁን እንጂ ልቧ የዋህ ነው። በየቀኑ ብቅ ትልና ሥር እየማሰች ታወራለች።

«ቡላን ካየሁት ቆየሁ እኮ። ተጣልታችሁ ነው እንዴ?»

«ሆራ ወርዷል አልኩሽ እኮ፣ እትዬ።»

«ምን ያለ ሆራ ነው እንዲህ የሚያከርም? ሚስቱን ሜዳ ላይ ጥሎ! ይመለስ ብቻ፣ እኔ ነኝ የምቆጣው።»

ዳልቻ አብራት ሳቀች። እትዬ ከርከሮ ስትሄድ ወደ ሸለቆው ወርዳ አፈሩ ላይ አገጯን አስደግፋ ቆመች። ማናፋቱ እስከ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። መልሳ ዋጠችው። ባሏ እንኳን አልቃሽ፣ ሙት የሚል ስም እንኳ ሳያገኝ ከረመ።

በጋው እየገፋ ሲሄድ የአቧራው ጠረንም እየራቃት ሄደ። ነፋስ ጠረገው፤ የእሷ ላብም ዋጠው። ማለዳ ስትንከባለል አፍንጫዋን አፈሩ ውስጥ ቀብራ ትፈልገዋለች። መጀመሪያ ለዘበኛው ብላ ነበር የምትፈልገው። በኋላ ለማን ብላ እንደሆነ እሷም አላወቀችውም።

ክረምቱ ሲቃረብ፣ ደመናው በተራራው ላይ መጥቆር ሲጀምር፣ አንዲት ሚዳቋ ባሏ ሞተባት። እሷም ከማዶ በባሏ ጠረን የመጣች ናት። ሚዳቋዋ ሬሳው አጠገብ ቆማ ድምፅዋን አውጥታ አለቀሰች። የሰማ ሁሉ ለቅሶ ደረሰ፤ ዳልቻም ከኋላ፣ ከሁሉም ራቅ ብላ ቆመች። ‹ምነው ዝም ብትል፣ አሁን ጅቡ ይመጣባታል› እያለች ወደ መልካው ትመለከት ነበር።

የመጣው ጅብ ሳይሆን ጋጋኖ ነው። ከድንጋይ ላይ አረፈና በዚያ በሻከረ ድምፁ ተናገረ።

«አገር ይስማ። በባሏ ጠረን የምትኖር መጻተኛ፣ ባሏ ከሞተ ጠረኑ ከእንግዲህ አይሠራላትም፤ ነገር ግን ዝናብ ሳይጥል ሞቱን በለቅሶ ለአገር ካሰማች፣ ያወቀ ጎረቤትም ከመሰከረላት፣ ራሷ ዋርካውን ታክካ በራሷ ጠረን ትኑር። ምስክር አለ?»

«አለን» አሉ የቆሙት ሁሉ። ሚዳቋዋን በመካከላቸው አድርገው ወደ ዋርካው ወሰዷት።

ዳልቻ እዚያው ቀረች። የመጀመሪያውን ግማሽ ቃል በቃል ታውቀዋለች። ሁለተኛውን ሰምታው አታውቅም።

ዘወር ስትል እመት ቀበሮ ከቁጥቋጦው ሥር ተቀምጣለች።

«ግማሹን ነው የነገርሽኝ» አለች ዳልቻ።

«የነገርኩሽ ውሸት አለበት? ቃል በቃል አይደለም?» አለች ቀበሮ። «ይልቅ አሁን ነገር አታበላሺ። በጋውን ሙሉ ለዘበኛ ስትዋሺ ከርመሽ ዛሬ ሞቷል ብትዪ ማን ይመሰክርልሻል? ከርከሮ? ሆራ ወርዷል ያልሻት ከርከሮ? ነይ፣ እዚያ ጋ ጥሩ ጉብታ አይቻለሁ።»

ዳልቻ አልተከተለቻትም። ፊቷን ወደ ዋርካው አዞረች።

መንገዱ በመልካው በኩል ነው። አያ ጅቦ ተነሥቶ ከፊቷ ቆመ፤ አፍንጫውንም ጎተተባት። አንዴ ዞራት። ደግሞ ዞራት። ዐይኑ በራ።

«የለም» አለ በደስታ። «ቡላ አልቋል። ከእንግዲህ የእኔ ነሽ።»

ያን ጊዜ ዳልቻ መሬቱን በአራት እግሯ ረግጣ፣ አንገቷን ወደ ሰማይ ቀና አድርጋ፣ በጋውን ሙሉ የዋጠችውን አወጣችው። ማናፋቷ መልካውን አልፎ መስኩን አዳረሰው። ወፎች ከዋርካው ላይ ተነሡ። ጅቡ እንኳ ወደ ኋላ አለ። የሚዳቋዋ ለቅሶኞች ተመለሱ፤ እትዬ ከርከሮ እየሮጠች መጣች፤ በመጨረሻም ሁሉም መንገድ ለቀቁና አንበሳ ራሱ ብቅ አለ።

«ማን ሞተብሽ?» አላት።

«ባለቤቴ ቡላ ነው፣ ጌታዬ። በበጋው መግቢያ ላይ ነው የሞተው።»

«እስከ ዛሬ ለምን አላሰማሽም?»

«ፈራሁ። ካወቃችሁ ለጅብ ትሰጡኛላችሁ ተብዬ ፈራሁ።»

አንበሳ ደመናውን ቀና ብሎ አየና፣ «ዝናብ አልጣለም። መሞቱን የሚያውቅ ጎረቤት ግን ይመስክር» አለ።

እትዬ ከርከሮ ዐይኗ እንባ ሞላው።

«እኔ ሆራ ወርዷል ተብዬ ነው የማውቀው፣ ጌታዬ። ያላየሁትን አየሁ ማለት አልችልም።» ወደ ዳልቻ ዘወር ብላም፣ «ምነው ለእኔ እንኳ ብትነግሪኝ፣ እህቴ» አለቻት።

ሁሉም መሬት መሬት አየ።

ትዕግሥቱ ያለቀበት አያ ጅቦ ነበር። ምራቁ እየተዝረበረበ ወደ መካከል ገባ።

«ጊዜ አታባክኑ፣ ስጡኝ» አለ። «መሞቱንማ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ከበጋው መግቢያ ጀምሮ በየቀኑ አሸታታለሁ እኮ። በሕይወት ያለ ባል ላቡ ትኩስ ነው፤ ያ ግን የሞተ ጠረን ነበር። ሲሳሳ፣ ሲሳሳ፣ ዛሬ አለቀ። ስንት ጊዜ ጠበቅኩ መሰላችሁ?»

«ታዲያ ያን ጊዜውኑ ለምን አልነገርከኝም?» አለው አንበሳ።

«ብነግርዎትማ ዋርካውን ታክካ ልትቀርብኝ አይደለም እንዴ? እመት ቀበሮ መክራኛለች። ‹ዝም በል፣ ዝናብ አቧራውን ሲያጥበው የአንተ ናት› ብላኛለች። የምበላውን ልትጋራኝም ተነጋግረናል።»

እመት ቀበሮ ጅራቷን እግሮቿ መሃል አስገብታ ወደ ቁጥቋጦው ማፈግፈግ ጀምራ ነበር።

«መልካም። የመልካ ዘበኛም ጎረቤት ነው፤ መስክረሃል» አለ አንበሳ።

«ለማን?» አለ አያ ጅቦ ግራ ገብቶት።

አንበሳ ጅቡን ከመልካው ጥበቃ አነሣው፤ ቀበሮንም ከአገሩ እንድትወጣ አዘዘ። ዳልቻ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዋርካው ቀርባ ጎኗን በግንዱ ላይ አሸች። ቅርፊቱ ሻካራ ነበር። አንድ ቦታ ላይ የቡላ አመድማ ፀጉር ተሰክቶ አገኘች፤ እንዳለ ተወችው።

ጎረቤቶቿ ሁሉ ወደ ግራሩ ሥር ሸኟት። ሸለቆውን ከበው ቆሙ፤ እትዬ ከርከሮ የቡላን ደግነት እያነሣች አለቀሰችለት፤ ዳልቻም እስኪበቃት አናፋች። «እግዜር ያጽናሽ» እያሉ አንድ በአንድ ሄዱ። ቡላ በዚያ ቀን እንደ ሰው ተለቀሰለት።

ብቻዋን ስትቀር የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ግራሩ ላይ መውረድ ጀመሩ። ከእንግዲህ በየማለዳው የሚያሸታት ዘበኛ የለም። የባሏ ጠረንም ለሕግ አያስፈልጋትም። ዳልቻ ግን ወደ አቧራማዋ ጉድጓድ ሄደች።

‹ቶሎ በይ፣ ሙቀቱ ሳይለቅ።›

ተጋደመች። ጀርባዋን እያሸች ቀስ ብላ ተገላበጠች። ዝናቡ ጠነከረ፤ አቧራው በሥሯ እየራሰ ጭቃ ሆነ፤ እሷ ግን አልተነሣችም።

ከዚህ የምንማረው በሰው አገር የሚኖር ሁሉ የሚኖርበትን ሕግ ራሱ ቆሞ እስከ መጨረሻው ሊሰማ እንጂ፣ በፍርሃቱ ከሚጠቀም አፍ ግማሹን ተቀብሎ ሐዘኑን ከሚወዱት ጎረቤቶቹ ሊደብቅ እንደማይገባው ነው።